ሶፍትዌር ለመግባት ጂኦግራፊ ማጥናት

በ2012 ዓ.ም. የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎቻችን አሥራ አምስት ዓመት ገደማ ትተውት የነበረውን የፍሬሽማን ዓመት መልሰው ጀመሩ። ሐኪም ልሁን ያለውም፣ አካውንታንት ልሁን ያለውም፣ ገና ምን እንደሚሆን ያላወቀውም፣ የመጀመሪያውን ዓመት መሠረታዊ የሚባሉትን የጋራ ኮርሶች ይማር ተባለ። ሳይኮሎጂ፣ ሎጂክ፣ ጂኦግራፊ፣ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ አንትሮፖሎጂ፣ የሥነ ምግባርና ሥነ ዜጋ ትምህርት፣ ሌላም ሌላም። ተማሪው በአጭሩ «ኮመን ኮርስ» ይላቸዋል።

ሐሳቡን የወደድኩት ገና ሲነገር ነው። አሁንም እወደዋለሁ። እዚህ የምጽፈው ግን ሐሳቡ ክፍል ውስጥ ሲገባ ምን እንደሆነ ነው። ከእነዚህ ኮርሶች አንዱን፣ ሎጂክን፣ ስለማስተምር ገለልተኛ ነኝ አልልም።

የምለውን ከፊት ላስቀምጠው። ይህ ዓመት በአንድ ጊዜ ሁለት ሥራ ተሰጠው። አንዱ ተማሪውን ማስተማር ነው። ሌላው ተማሪውን በውጤት አበጥሮ በየዲፓርትመንቱ መደልደል። ሁለተኛው ሥራ የመጀመሪያውን በላው። ኮርሶቹ መጥፎ ስለሆኑ አይደለም፣ መምህሩ ሰነፍ ስለሆነም አይደለም (ሰነፍ የለም አላልኩም)። አሠራሩ ራሱ ወደዚያ ይገፋል።

ከየት መጣ፣ ወዴት ሄዶ ነበር

ፍሬሽማን ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። በ1940ዎቹ መጀመሪያ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲቋቋም የመጀመሪያው ኃላፊ ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ቄስ ሉሲየን ማት ነበሩ። ሴሚስተሩ፣ ክሬዲት አወሩ (የኮርሱ ክብደት መለኪያ)፣ ጂፒኤው (በዚያ ክብደት የሚሰላው አማካይ ነጥብ)፣ ሁሉም እየዋለ እያደረ ከሰሜን አሜሪካው አሠራር ጋር ተመሳሰለ። ማትሪክ ያለፈ ተማሪ አንድ ዓመት ፍሬሽማን ይማራል፣ ከዚያ ሦስት ዓመት በመረጠው መስክ። በመጀመሪያው ሴሚስተር ውጤት ተባርሮ ቤቱ የሚገባውን «ክሪስማስ ግራጁዌት» እያሉ ይቀልዱበት እንደነበር የዚያ ዘመን ሰዎች ያውቁታል። ስለዚህ ወንፊትነቱ ዛሬ የመጣ አይደለም። ያን ጊዜም ነበር።

ከዚያ የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ መጣ። 11ኛና 12ኛ ክፍል «ፕሪፓራቶሪ» ሆኑ፤ የፍሬሽማንን ትምህርት እዚያው ጨርሰው ይመጣሉ ተባለ። በ1990ዎቹ አጋማሽ የመጀመሪያዎቹ የፕሪፓራቶሪ ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲ ሲደርሱ ፍሬሽማን ቀረ፣ አብዛኛው ዲግሪም ከአራት ወደ ሦስት ዓመት አጠረ።

በወረቀት ላይ ያስኬዳል። መሬት ላይ ግን ፕሪፓራቶሪው ማለት በብዙ ቦታ ላብራቶሪ የሌለው፣ መጽሐፍ ለሦስትና ለአራት የሚካፈሉበት፣ ግድግዳው ላይ ያለው ፕላዝማ ቴሌቪዥን መብራት ሲኖር የሚያስተምርበት፣ መብራት ሲጠፋ ደግሞ መምህሩ ከየት እንደሚቀጥል የሚቸገርበት ክፍል ነበር። በዚያው ዘመን ዩኒቨርሲቲዎቹ ከሁለት ተነስተው ከ40 በላይ ደረሱ። ከ2001 ጀምሮ ደግሞ ሰባ በመቶው ተማሪ ወደ ተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ ሠላሳ በመቶው ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ እንዲመደብ ተወሰነ። ልጁ የፈለገው ሌላ፣ የደረሰው ሌላ። የመጀመሪያ ቀን ክፍል ገብቶ ስለ መስኩ ምንም ሳያውቅ የመስኩን ኮርስ ይጀምራል።

በ2010 መጨረሻ ለውይይት የቀረበው የትምህርት ፍኖተ ካርታ ይህንን ሁሉ ዘረዘረው። ተመራቂዎች በጠባቡ ሰልጥነዋል፣ በእንግሊዝኛ መጻፍ ይቸገራሉ፣ አገራቸውን በቅጡ አያውቁም፣ ሐሳብን መርምሮ መሟገት አልለመዱም ተባለ። ከመፍትሔዎቹ አንዱ ፍሬሽማን ይመለስ የሚል ነበር። በጥቅምት 2011 የተቋቋመው የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር፣ በሂሩት ወልደማርያም ሚኒስትርነት ዘመን፣ ጉዳዩን ይዞ በአንድ ዓመት ውስጥ ሥራ ላይ አዋለው። ከየዩኒቨርሲቲው መምህራን ተሰብስበው ለየኮርሱ ሞጁል፣ ማለትም የጋራ መማሪያ ጽሑፍ፣ ጻፉ። የሦስት ዓመቱ ዲግሪ ተመልሶ አራት ሆነ።

አንድ ዓመት! ለአንድ ሙሉ አገር ሥርዓተ ትምህርት። ፍጥነቱን ማድነቅም መፍራትም ይቻላል። እኔ ሁለቱንም አደረግሁ።

ምደባው ከኮርሱ ጋር ሲታሰር

አሁን ወደ ዋናው። ከ2012 በፊት ተማሪው በ12ኛ ክፍል ውጤቱ ዩኒቨርሲቲውንም የመስኩን ዘርፍም በአንድ ላይ ተመድቦ ይመጣ ነበር። ፍሬሽማን ሲመለስ ይህ ተቀየረ። ተማሪው የሚመጣው «ናቹራል» ወይም «ሶሻል» ተብሎ ብቻ ሆነ። ዲፓርትመንት የሚገባው ግቢው ውስጥ ተወዳድሮ ነው። ኢንጂነሪንግን የመሰለው ደግሞ ገና ከአንደኛው ሴሚስተር በኋላ መለየት ጀመረ። ቀመሩ ከዩኒቨርሲቲ ዩኒቨርሲቲ ይለያይ እንጂ የፍሬሽማን ጂፒኤ በሁሉም ዘንድ ትልቁን ቦታ ይዟል።

ለምን እንዲህ ሆነ ብለን ብንጠይቅ፣ ምክንያቱ ሞኝነት አልነበረም። የ12ኛ ክፍል ፈተና በዚያን ጊዜ እምነት አጥቶ ነበር። በ2008 ፈተናው አስቀድሞ ወጥቶ ተሰርዟል። በ2011 ደግሞ ውጤቱ ባልተለመደ ሁኔታ ንሮ ተገኘና የዩኒቨርሲቲ ምደባው በአራት የትምህርት ዓይነቶች ብቻ እንዲሠራ ተወሰነ። ልብ በሉ፣ በ2012 የገቡት የመጀመሪያዎቹ ፍሬሾች የዚያ የ2011 ፈተና ተፈታኞች ናቸው። የመግቢያ ውጤታቸውን ማንም አያምነውም ነበር። ስለዚህ «ግቢ ከገቡ በኋላ እኛው እንለያቸው» ማለት ምክንያታዊ ነበር። ከዚያ የመጣውን ነው ያላሰቡት።

ሒሳቡን እንየው። የውጤት አሰጣጡ ቋሚ ነው፤ 85 እና ከዚያ በላይ ኤ፣ አራት ነጥብ። 70 ላይ ቢ፣ ሦስት ነጥብ። አንድ ተማሪ በሴሚስተሩ 18 ክሬዲት ቢይዝ፣ ባለ ሦስት ክሬዲት ኮርስ ላይ ከኤ ወደ ቢ ቢወርድበት ጂፒኤው በ0.17 ገደማ ይቀንሳል። ትንሽ ይመስላል። ሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ ወይም ሕክምና የሚፈልጉ ልጆች ሲሰለፉ ግን በመግባትና ባለመግባት መካከል ያለው ልዩነት ከዚያ ያነሰ ሊሆን ይችላል። ደግሞም ጂኦግራፊም ሦስት ክሬዲት ነው፣ ሒሳብም ሦስት ክሬዲት ነው። ስለዚህ ሶፍትዌር የሚፈልግ ልጅ፣ ብልህ ከሆነ፣ ከሒሳቡ ጋር ከመታገል የኢትዮጵያን ተፋሰሶች ሸምድዶ ኤ ማግኘት ይቀለዋል። ነጥቡ ያው ነጥብ ነው።

ይህን ያወቁት ተማሪዎቹ ናቸው፤ ከእኛ ቀድመው። አንዱ ተማሪዬ ሒሳቡን ወረቀት ላይ ሠርቶ አሳይቶኛል፣ የትኛው ኮርስ ላይ ስንት ሰዓት ቢያጠፋ ስንት ነጥብ እንደሚያተርፍ። እውነት ለመናገር፣ ከሎጂክ ፈተናው ይልቅ ያ ወረቀት ነው ማሰቡን ያሳየኝ።

ሎጂክ በምርጫ ጥያቄ

የሎጂክ ሞጁሉ ለጀማሪ የሚሆን ነው። ሙግት ምንድን ነው፣ መነሻው የቱ ነው፣ መደምደሚያው የቱ ነው፣ መደምደሚያው ከመነሻው በትክክል ይከተላል ወይ፣ መነሻው ራሱስ እውነት ነው ወይ። ከዚያ የተሳሳቱ የሙግት ዓይነቶች ይመጣሉ፤ ሐሳቡን ትቶ ሰውየውን መስደብ፣ በብዙኃን ስም ማስፈራራት፣ ከአንድ ምሳሌ ተነስቶ ስለ ሁሉም መፍረድ።

ክፍል ውስጥ የምወዳት ምሳሌ አለችኝ። ወፍ ሁሉ ይበርራል፤ ሰጎን ወፍ ናት፤ ስለዚህ ሰጎን ትበርራለች። አካሄዱ ልክ ነው፣ መነሻው ግን ውሸት ነው። ተማሪው ይስቃል፣ ይገባዋል። በአማርኛ ስነግረው ደግሞ ከሞጁሉ ወጥቶ የራሱን ምሳሌ ያመጣል፤ ከሰፈሩ፣ ከአባቱ ጋር ከተከራከረው ነገር፣ ከኳስ። በዚያች ሩብ ሰዓት ውስጥ ኮርሱ የተፈጠረለት ነገር እየሆነ ነው።

ከዚያ እጅ ይወጣል። «ቲቸር፣ ይሄ ፈተና ላይ ይመጣል?»

አይመጣም። ለምን እንደማይመጣ ልንገራችሁ፤ የጉዳዩ እምብርት ያለው እዚህ ላይ ነው። ውጤቱ ዲፓርትመንት የሚወስን ስለሆነ በሁሉም ሴክሽን ያለው ተማሪ እኩል መመዘን አለበት። አንዱ መምህር ቸር፣ ሌላው ቆንጣጣ ከሆነ ልጆቹ በትክክል ይጮኻሉ። ስለዚህ የጋራ ፈተና ይዘጋጃል። የጋራ ፈተና ለማዘጋጀት ሁሉም መምህር በእርግጠኝነት ያስተማረው ነገር ብቻ መውጣት አለበት፤ እሱም ሞጁሉ ላይ የተጻፈው ነው። ተማሪው በብዙ መቶ ስለሚቆጠር ጽሑፍ አርሞ በጊዜ ማድረስ አይቻልም፤ ስለዚህ ምርጫ ይሆናል። ምርጫ ጥያቄ ከሞጁል የሚወጣ ከሆነ ደግሞ ሞጁሉን መሸምደድ ይበቃል። ሞጁሉም በፒዲኤፍ ቴሌግራም ላይ አለ፣ ካለፉት ዓመታት ጥያቄዎችና መልሶች ጋር።

እንግዲህ በዚህ ሰንሰለት ውስጥ ጥፋተኛውን ፈልጉ። እኔ ፈልጌ አጥቻለሁ። እያንዳንዱ እርምጃ ለፍትሐዊነት ሲባል የተወሰደ ነው። መጨረሻ ላይ ግን መርምሮ ማሰብን የሚያስተምረው ኮርስ ያለ ማሰብ ኤ የሚገኝበት ሆኖ ቁጭ አለ። የተሳሳቱ ሙግቶችን የላቲን ስም ከነዝርዝሩ የሚያውቅ ተማሪ ፌስቡክ ላይ በዚያው ስህተት ሲሟገት አየዋለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ለማውራት የሚከብድ ስለሆነ በጥንቃቄ። ሎጂክ በጣም የሚጠቅመው የራስን ወገን ክርክር ለመፈተሽ ነው። የሌላውንማ ማንም ይፈትሻል። በ2012 የነበረው ግቢ ግን በብሔር ጉዳይ የጋለ ነበር። ክፍል ውስጥ እውነተኛ ምሳሌ ማንሳት፣ ማለትም ሁሉም ትናንት ማታ ዶርም ውስጥ የተከራከረበትን ማንሳት፣ ማን እንዴት እንደሚተረጉመው አይታወቅም። ብዙዎቻችን ወደ ሰጎኗ ሸሸን። መሸሻችን ትክክል ነበር ብዬ አስባለሁ፤ ኮርሱ ግን በዚያ ምክንያት ግማሽ አካሉን አጣ።

የታሪኩ ኮርስ ደግሞ ገና ከረቂቁ ክርክር አስነስቷል። የኢትዮጵያንና የአፍሪካ ቀንድን ታሪክ ሁሉም የሚስማማበት አድርጎ በአንድ ሞጁል መጻፍ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ለእኛ አገር ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። እኔ በበኩሌ ተማሪው ክርክሩን ራሱን ቢማር ይሻላል ባይ ነኝ፤ ሁለት የታሪክ ባለሙያዎች ለምን እንደማይስማሙ፣ ምን ማስረጃ ይዘው። ይህ ግን ምርጫ ጥያቄ አይሆንም። ተመልሰን እዚያው።

ኮምፒውተር ሳይነኩ ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት

ከኮርሶቹ ሁሉ የሚያስገርመኝ «ኢመርጂንግ ቴክኖሎጂስ» የሚባለው ነው። ዳታ ሳይንስ፣ ሰው ሠራሽ አስተውሎት፣ የነገሮች ኢንተርኔት፣ ኦግመንትድ ሪያሊቲ፣ ብሎክቼይን፣ ናኖቴክኖሎጂ፣ ሁሉም በአንድ ሴሚስተር። ሐሳቡ ቆንጆ ነው፤ ማኅበራዊ ሳይንስ የሚማረውም ዓለም ወዴት እየሄደች እንደሆነ ይወቅ ነው። ነገር ግን ከገጠር ወረዳ መጥቶ ኮምፒውተር ከፍቶ የማያውቅ ልጅ አለ፤ ብዙ ነው። እሱ ስለ ኦግመንትድ ሪያሊቲ የሚማረው ከተባዛ ወረቀት ላይ ነው። ፋይል እንዴት እንደሚቀመጥ፣ ጽሑፍ እንዴት እንደሚተየብ፣ በኢሜይል እንዴት እንደሚላክ ማንም አያስተምረውም፤ የመጀመሪያው አሳይመንት ግን «ተይቦ» ይቅረብ ይባላል። ከዚያ ግቢ በር ላይ ያሉት ኮምፒውተር ቤቶች በገጽ ሒሳብ ይተይቡለታል። እሱም ኤ ያመጣ ይሆናል።

የእንግሊዝኛው ጉዳይ ደግሞ ከሁሉም በታች ያለው መሠረት ነው። በሕጉ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው። በተግባር መምህሩ በአማርኛ ወይም በአካባቢው ቋንቋ ያስረዳል፣ ተማሪው ማስታወሻውን በእንግሊዝኛ ይገለብጣል። ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ከተለያየ ክልል የመጡ ልጆች አንድ ክፍል ውስጥ ይቀመጣሉ፤ የጋራ ቋንቋቸው አማርኛ ነው እንዳንል አማርኛ የማይችል አለ፣ እንግሊዝኛ ነው እንዳንል እሱን አጥርቶ የሚችል ጥቂት ነው። የእንግሊዝኛ ኮርሱ የሚሰጠው ከሌሎቹ ኮርሶች ጎን ለጎን፣ በእኩል ሰዓት ነው። ይህ ማለት ልጁ ሳይኮሎጂን ለማንበብ የሚያስፈልገውን እንግሊዝኛ የሚማረው ሳይኮሎጂን እያነበበ ነው። በመጀመሪያው ሴሚስተር የሚወርድበት ውጤት የሳይኮሎጂ ውጤት አይደለም፤ የቋንቋ ውጤት ነው። ዲፓርትመንቱንም የሚወስንበት እሱ ነው።

የዕድል ነገር

የመጀመሪያው ባች ላይ የደረሰውን በአጭሩ ልለፈው። ሁሉም ያስታውሰዋል። በጥቅምት 2012 መጨረሻ በወልድያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ተገደሉ፤ ረብሻው ወደ ሌሎች ግቢዎች ተዛመተ፣ ብዙ ተማሪ ሻንጣውን ይዞ ወደ ቤቱ ሄደ። ነገሩ ትንሽ ሲረጋጋ መጋቢት 4 ቀን የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ ተገኘ፣ በቀናት ውስጥ ትምህርት ተዘጋ። ተማሪዎቹ በ2013 መመለስ ሲጀምሩ በጥቅምት መጨረሻ የትግራይ ጦርነት ተጀመረ። አንድ ዓመት የተባለው ፍሬሽማን ከዓመት በላይ ተጎተተ፤ ሁለተኛው ሴሚስተር ሲሰጥ ደግሞ ተጨምቆ ነው። ፕሮግራሙ ሠራ ወይስ አልሠራም ብሎ በዚያ ባች መፍረድ ግፍ ነው።

ከዚያ 2015 መጣ። በፕሮፌሰር ብርሃኑ ነጋ የሚመራው ትምህርት ሚኒስቴር የ12ኛ ክፍል ፈተናን ወደ ዩኒቨርሲቲዎች አስገብቶ በጥበቃ ሰጠ። ወደ 900 ሺህ ከሚጠጋው ተፈታኝ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ሆነ። አገር ደነገጠ። በቀጣዩ ፈተና 3.2፣ ከዚያ 5.4፣ በ2017ቱ ፈተና ደግሞ 8.4 በመቶ።

ለፍሬሽማን ይህ ምን አመጣ? ግቢው ውስጥ አዲስ ደረጃ ተፈጠረ። ግማሽ ያላመጡ ግን የተሻሉ የተባሉት «ሬሜዲያል» ገብተው የሁለተኛ ደረጃውን ትምህርት እንደገና ይማራሉ፤ ሰባ በመቶው ከሚኒስቴሩ በሚመጣ ፈተና፣ ሠላሳ በመቶው በዩኒቨርሲቲው። ያለፈ ፍሬሽማን ይቀጥላል። እንግዲህ ቁጠሩት። አንድ የናቹራል ተማሪ ባዮሎጂን በ12ኛ ክፍል ይማራል፣ በሬሜዲያል ይማራል፣ በፍሬሽማን ይማራል። ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ሰልችቶት ነው። በሎጂክ ክፍሌ ግን የማየው ሌላ ነገር ነው፤ ሬሜዲያልን አልፎ የመጣ ልጅ ቢያንስ ቁጭ ብሎ ማንበብ ለምዷል፣ የግቢውን ኑሮም ያውቀዋል። ዶርም እንዴት እንደሚታደር፣ ላይብረሪ መቼ ቦታ እንደሚገኝ፣ የካፌ ሰልፍ መቼ እንደሚያጥር። ያ የሚናቅ ነገር አይደለም፤ በመጀመሪያው ሴሚስተር ብዙ ልጅ የሚወድቀው በትምህርቱ ብቻ አይደለምና።

ምን ይደረግ

ፍሬሽማን ይቅር የሚሉ ባልደረቦች አሉኝ። ዓመት ማባከን ነው፣ ያው ሃይስኩል ነው ይላሉ። አልስማማም። የሰጎኗን ሩብ ሰዓት አይቻለሁ። ኢንጂነሪንግ የሚገባ ልጅ በሕይወቱ ስለ ሙግት፣ ስለ ሰው ባሕርይ፣ ስለ ጎረቤቱ ባህል የሚማርበት ሌላ ዕድል የለውም። ከሁለተኛ ዓመት በኋላ መስኩ ይውጠዋል፤ በመጨረሻ የሚጠብቀው የመውጫ ፈተናም የሚጠይቀው ስለ መስኩ ብቻ ነው።

የምለው ሁለቱ ሥራዎች ይፋቱ ነው። ሎጂክ፣ አንትሮፖሎጂ፣ ጂኦግራፊ፣ ታሪክ፣ ኢመርጂንግ ቴክኖሎጂ አልፏል ወይም አላለፈም በሚል ብቻ ይመዘኑ። ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ የአካል ብቃት ኮርሱ ከመጀመሪያውም እንዲህ ነው፣ ማንም አልሞተም። ለምደባ የሚቆጠረው ከመስኩ ጋር የሚገናኘው ይሁን፤ ለኢንጂነሪንግ ሒሳብና ፊዚክስ፣ ለሕግ እንግሊዝኛና የጽሑፍ ሥራ። በዚህ ላይ የ12ኛ ክፍል ውጤት ይጨመር። በ2012 ይህን ማለት አይቻልም ነበር፤ ፈተናውን የሚያምን አልነበረምና። አሁን ግን ፈተናው በጥበቃ የሚሰጥ ሆኗል። ምደባውን ወደ ግቢ ያስገባው ምክንያት ከተነሳ፣ ምደባው እንደነበረ የሚቀጥልበት ምክንያት አይታየኝም።

እንግሊዝኛው ደግሞ ይቅደም። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት እንግሊዝኛና ኮምፒውተር ብቻ፣ ጠዋትና ከሰዓት፤ ሌላው ኮርስ ከዚያ በኋላ ይጀመር። የኮርሱ ብዛትም ይቀነስ። ሁሉም ሙያ የራሱን ኮርስ ካላስገባ አገር የሚጠፋ የሚመስለው ነገር አለ፤ ሥራ ፈጠራም ይግባ፣ ዓለም አቀፍ ሁኔታም ይግባ፣ አካታችነትም ይግባ፣ ኢኮኖሚክስም ይግባ። ሁሉም ጠቃሚ ነው። አንድ ላይ ሲደረደሩ ግን ለአንዱም ጊዜ አይተርፍም።

ለዚህ ሐሳብ የሚቀርበው ትልቁ ተቃውሞ የፍትሕ ነው፣ ተገቢም ነው። የ12ኛ ክፍል ውጤት ይቆጠር ካልን፣ አዲስ አበባ በግል ትምህርት ቤት የተማረው ልጅ ደባርቅ ወይም ቦረና ከተማረው ቀድሞ ቆሞ ነው የሚጀምረው፤ ፍሬሽማን ለዚያ ልጅ ሁለተኛ ዕድል ነበር። እውነት ነው፣ ሊሆን ይገባው ነበር። ግን አሁን ባለው አካሄድ ሁለተኛው ዕድል የሚመዘነው ልጁ ለመጀመሪያ ጊዜ ከቤቱ በወጣበት፣ በቋንቋው በሚንገዳገድበት፣ ገና የግቢውን መንገድ በማያውቅበት ሴሚስተር ነው። ለእሱ ማሰብ ከሆነ የሁለተኛው ሴሚስተር ውጤት ከአንደኛው የበለጠ ይመዝንለት፤ ከመጣበት ምን ያህል እንደተሻሻለም ይታይ። ይህን ለመሥራት የሪጅስትራሩ ሲስተም ላይ ቀመር መቀየር ነው እንጂ ተዓምር አይጠይቅም።

ሌላው ተቃውሞ ከመምህራን መዝናኛ ክበብ የሚመጣው ነው፤ «ውጤት ካልተቆጠረ ማን ክፍል ይገባል?» አዎ፣ ይቀራሉ። ከመቶ ምናምኑ ተማሪ ግማሹ ሊቀር ይችላል። የሚመጡትን ግን ጽሑፍ አስጽፌ ማረም እችላለሁ፣ የጋራ ፈተና ስለማይኖር ከሞጁሉ መውጣት እችላለሁ፣ ሰጎኗን ትቼ ዶርም ውስጥ የተከራከሩበትን ነገር በጥንቃቄ ማንሳት እችላለሁ። የቀሩትስ? ዛሬም ቢሆን ወንበር ላይ ቁጭ ብለው ስልካቸው ላይ ያለፈውን ዓመት መልስ ነው የሚያነቡት።